የአግዳሚው ተረኞች

ልብስ ሰፊዋን ያንገበገባት ሳቁ ነው። ሌላው ሁሉ ከሳቁ በኋላ የመጣ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሻይ ይዛ፣ የስፌቱን ክፍል ከልጇ አልጋ የሚለየውን መጋረጃ ልትገልጥ እጇን ስትዘረጋ፣ ሦስት ቀን ሙሉ «የበላሁት ነገር ነው፣ ሆዴን ቆረጠኝ» ብላ የተኛችው ልጅ በስልክ ስታወራ ሰማቻት። «ዛሬስ ደሙ በጣም ቀንሷል፣ አክስትዬ። ቁርጠቱም ለቆኛል። አንቺ እንዳልሽኝ ነው የሆነው።» ልጅቷ ጥቂት አዳመጠችና፣ «ኧረ እማ ምንም አታውቅም። ለእሷማ እንዴት ተደርጎ ይነገራል?» ብላ ሳቀች። ሳቁ የክፋት አልነበረም። ከባድ ሸክም ከትከሻው የወረደለት ሰው እንደሚስቀው ያለ ሳቅ ነው። እንዲህ ያለውን ሳቅ እናትየዋ ከልጇ አፍ ከሰማች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር።

ሻዩን እንደያዘች ደርቃ ቆመች። ደም፣ ቁርጠትና አክስት አንድ ላይ ሲገጥሙ ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ መማር አያስፈልጋትም። አክስት የተባለችው የገዛ ታናሽ እህቷ ናት፤ ከአስፋልቱ ማዶ ባለው ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ናት። ክሊኒኩ የጆሮውንም የደም ግፊቱንም ያክማል፤ ጠላትም ወዳጅም ያፈራው ግን ጽንስ በማቋረጥ ሥራው ነው። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ገለጠች። ልጅቷ ስልኩን ትራሱ ሥር ሸጎጠች። ሆዷ ላይ ሙቅ ውሃ የተሞላ ቀይ ላስቲክ አስቀምጣለች።

«ሻይ» አለች እናት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማ።»

«ይሄ ላስቲክ ከየት መጣ?»

«ጓደኛዬ ናት ያዋሰችኝ።»

ክዳኑ እንዳይጠፋ በጥቁር ክር የታሰረ ነው። ክሩን ያሰረችው ራሷ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ያኔ እህትየዋ ተማሪ ሆና ብርድ ስትፈራ የገዛችላት ዕቃ ነው። «እሺ» አለችና ብርጭቆውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች። 

ከማሽኗ ፊት ተቀመጠች፤ እግሯ ግን ፔዳሉን አልረገጠም። ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮቱ ሥር ማሽኑ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ያልተጨረሱ ቀሚሶች፣ ጥግ ላይ የቅዳጅ ጆንያ። የዚፕ ዋጋ ባለፈው ወር በግማሽ ጨምሯል፤ የአንዱ ጥቅል ክር ዋጋም የሁለቱን ያህል ሆኗል፤ ደንበኛው ግን የአምናውን ዋጋ ይዞ ነው የሚመጣው። በዚህ ማሽን ነው እህቷን ነርስ ያደረገቻት። ወላጆቻቸው በአንድ ዓመት ተከታትለው ሲሞቱ ታላቅ እሷ፣ ታናሽ ያቺ ቀሩ፤ ስድስት ዓመት ፔዳል ረግጣ አስተማረቻት፤ የመጀመሪያውን ነጭ ጋውንም በእጇ ሰፋችላት። ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ነርሷን «እህታችን» ይላታል። ዳቦ ሻጯ ከምድጃ የወጣውን የመጀመሪያ ዳቦ ለእሷ ትሸሽግላታለች። ማታ ድንጋይ ወርዋሪዎች የክሊኒኩን መስተዋት የሰበሩ ዕለት አናጺው ሳይጠሩት መጥቶ በነጻ አዲስ ገጠመ። የልብስ ሰፊዋ መዝጊያ የወደቀ ጊዜ ግን ስድስት ወር ሙሉ በሲባጎ ተንጠልጥሎ ነው የከረመው። ይህን ሁሉ ችላው ነበር። «እህታችን» ሲሏት እንኳ ችላው ነበር፤ እህትነቷ የማን እንደነበር ብታውቅም። ልጅን ግን ማን ይችላል? ልጇም «ምስጢሬ» ብላ ወደዚያው ሄደች። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኸው ነው።

የማሽኑን መሳቢያ ሳበች። ከስፒልና ከኖራ ቁራጭ መሀል አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። ዘመኑ ክፉ ሆኗል። የሚያውቁ ሰዎች ሕጉ ያው እንደነበረው ነው ይላሉ፤ የተለወጠው አየሩ ነው። ሬዲዮው በማለዳ ተነስቶ ስለ ጠፋ ግብረ ገብ ይለፈልፋል፤ በሌላ ሰፈር ሁለት ሐኪሞች ስማቸው በየግድግዳው ተለጥፎ ሥራቸውን ጥለው ሄደዋል። እዚህም ኮሚቴ የተባለ ተቋቁሞ «ክሊኒኩ ይዘጋልን» የሚል ወረቀት ያዞራል። የኮሚቴው ጸሐፊ ባለፈው ሳምንት ቀሚስ ላስጠብብ ብላ መጥታ፣ ቀሚሱን ትታ ወረቀቱን ነው ያወጣችው። «የሌላ ሰው መቶ ፊርማ ከአንቺ አንዷ አይበልጥም» አለቻት። «የገዛ እህቷ ይዘጋ ካለች ማን አፉን ይከፍታል?» ልብስ ሰፊዋ «አነበዋለሁ» ብላ መሳቢያ ውስጥ ጣለችው። ያኔ ሐሳቧ መልሳ ላለመስጠትም ላለመፈረምም ነበር። አሁን ግን ልኬት በምትጽፍበት እስክርቢቶ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ ስሟን ጻፈችበትና ፈረመች።  ወረቀቱን በቦርሳዋ ይዛ፣ ለልጇ «መጣሁ» ሳትል ወጣች።

የኮሚቴው ቢሮ ከክሊኒኩ አራት ቤት አልፎ ነው። በክሊኒኩ ደጅ ሳያልፉ አይደረስም። ልታልፈው ነበር፤ አላስቻላትም። «ከማስረከቤ በፊት ፊቷን ልየው» አለች በልቧ። «ምን ትለኝ ይሆን?»

መተላለፊያው ውስጥ አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ፣ አንድ ሚዛንና አንድ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ። አግዳሚው ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ሰፈሩ «እማማ ጉልበቴ» የሚላቸው አሮጊት አሉ፤ አጠገባቸው ጡረተኛዋ መምህርት፣ ከዚያ ዱቄት ያልጠፋባት ዳቦ ሻጯ። ጫፍ ላይ ሃያ ዓመት የሚሆናት የማታውቃት ወጣት ፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ልብስ ሰፊዋን ሲያዩ ሦስቱም ሴቶች ፊታቸው በራ፤ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት።

«ነይ፣ ነይ፣ እዚህ ጋ» አሉ እማማ ጉልበቴ። «እህትሽ በመጨረሻ ነገረችሽ አይደል? እኔማ ስንቴ ብያታለሁ፣ ‹የእናትሽን ልጅ ትተሽ ባዳ ትሰበስቢያለሽ ወይ?› እያልኩ።»

«ተራ ይዤልሻለሁ» አለች መምህርቷ። «ማክሰኞና ሐሙስ ይጎድለናል።»

ልብስ ሰፊዋ ምን ተራ እንደሆነ አልገባትም፤ ግን ተቀመጠች። ሰው ሲሳሳት ዝም ብሎ ካዳመጡት ብዙ ይናገራል። እነሱም ተናገሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንግሥት የተላከው ተቆጣጣሪ መዝገቡን ይዞ በሳምንት ሁለት ሦስቴ መምጣት ከጀመረ ወዲህ፣ አግዳሚው ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ልጅ ከሩቅ ትታወቃለች። ስሟን በሰው ፊት ጮክ ብሎ ይጠይቃታል፤ በማግስቱ ስሙ ሰፈር ውስጥ ይዞራል። ስለዚህ የሰፈሩ ሴቶች በተራ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሰዓት፣ የታመሙ መስለው ይቀመጣሉ። ልጅቷ ከብዙዎች አንዷ ትሆናለች። ተራው የትም አልተጻፈም፤ የያዘችው መምህርቷ በጭንቅላቷ ነው።

«እኔ ጉልበቴን ነው» አሉ አሮጊቷ። «ደም ግፊቴንም አርባ ጊዜ ተለክቼ አርባ ጊዜ ደህና ነኝ። ጤንነቱን እንደኔ በማስረጃ የያዘ ሰው ይምጣ እስቲ።»

ዳቦ ሻጯ ሳቀችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጅሽስ እንዴት አደረች? ተሻላት?» አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ልብስ ሰፊዋ ምድር ብትከፈት ትገባ ነበር። ሁሉም ያውቃሉ። ከዳቦ ሻጭ እስከ ጡረተኛ ሁሉም ሲያውቅ፣ አርግዛ የወለደች እሷ አታውቅም። ሆኖም «ተሻላት» አለች፤ ቀጥሎ የወጣው ቃል ግን የቁጣ አልነበረም። «ያን ዕለት… እንዴት ነበረች?» አለች። እንደ ራበው ሰው ነው የጠየቀችው።

«እጄን ይዛኝ ነበር» አሉ እማማ ጉልበቴ፣ ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው እያዩት። «ሐኪሙ እስኪጠራት ድረስ። ጠንካራ ናት፤ ጣቶቼን አድቅቃቸው ነበር።»

«ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ነበር» አለች መምህርቷ። «መጽሔት ይዛ ታነብ መስላ፣ ገልብጣ ነው የያዘችው። ‹ልጄ፣ ሰዎቹ እኮ በጭንቅላታቸው ቆመዋል› ብላት ሳቀች።»

እዚህም ሳቃለች። ልብስ ሰፊዋ ሹራቡን ታውቀዋለች፤ ክርኑን የጣፈችው እሷ ናት። ያን ዕለት ጠዋት ልጅቷ ለብሳው ስትወጣ «ወዴት ነው?» እንኳ አላለቻትም፤ የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ ጫፍ በመርፌ እየለቀመች ነበር።

«ስትወጣ እኔ ነኝ እስከ ጥጉ የሸኘኋት» አለች ዳቦ ሻጯ። «ጥጉ ላይ ቆም አለችና፣ ‹መጥፎ ሰው ነኝ?› ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? እኔ የተማርኩ አይደለሁ። ‹የራበሽ ሰው ነሽ› አልኳትና ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት። ቆማ በላች።»

ሦስት ሴቶች የልጇን ከባድ ቀን ቆርሰው ተካፍለውታል። አንዷ እጇን፣ አንዷ ሳቋን፣ አንዷ ጥያቄዋን። ለእናት የደረሳት በመጋረጃ የተሰማ ነው። ግን «ሌላስ?» አለች፤ «አለቀሰች?»

መልሱ አልደረሰም። ተቆጣጣሪው ገባ።

ቀጭን፣ አንገትጌው የጸዳ ሰው ነው። የኮቱ እጅጌ እንዳጠረ ልብስ ሰፊዋ ወዲያው አየች። መዝገቡን ከፍቶ አግዳሚውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃኘ።

«ዛሬም ታመማችሁ?»

«ምን ይደረግ ልጄ» አሉ እማማ ጉልበቴ። «ጉልበት ቀጠሮ አያውቅም።»

«እርስዎስ?»

«ጆሮዬን ነው» አለች መምህርቷ። «ጮክ ብለህ ተናገር።»

ዳቦ ሻጯ የእጇን ቃጠሎ አሳየችው፤ የሁለት ዓመት ጠባሳ ነው። ሰውየው ትንፋሹን ወጣ አደረገና ጫፍ ላይ ወደተቀመጠችው ወጣት ዞረ። «አንቺስ? ስምሽ ማን ነው? ምን ሆነሽ መጣሽ?» ልጅቷ ፌስታሉን ጨበጠችው። ከዚያ የተቆጣጣሪው ዓይን ልብስ ሰፊዋ ላይ አረፈ፤ አወቃት።

«እርስዎ የነርሷ እህት አይደሉ? የኮሚቴው ጸሐፊ ስለ እርስዎ ነግራኛለች። ወረቀቱን ፈርመዋል?»

 እማማ ጉልበቴ አጠገቧ ከነበሩበት ትንሽ ሸሸት አሉ፤ አንድ ጣት ያህል ብቻ፣ ግን ሸሹ። የምርመራው ክፍል በር ተከፍቶ ነርሷ ካርድ በእጇ ይዛ ቆማለች። ሰምታለች። ፊቷ ምንም አይልም፤ ልብስ ሰፊዋ ላየው የመጣችው ፊት ይኼ ነበር፤ አሁን ማየት አቃታት።

«ፈርሜአለሁ» አለች።

«ጥሩ» አለ ሰውየው እጁን ዘርግቶ። «ለእኔ ቢሰጡኝም ይደርሳል።»

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ያዘች። መስጠት ቀላል ነው። ከሰጠች ይህ በር ይዘጋል፤ እህቷ «እህታችን» መባሏ ይቀራል፤ ልጆች ምስጢራቸውን ወደ እናታቸው ይዘው ይመለሳሉ። ይመለሱ ይሆን? ጫፍ ላይ ያለችው ልጅ ፌስታሏን እንደጨበጠች ናት፤ የልጇ እጅም እማማ ጉልበቴን ባያገኝ ኖሮ እንዲህ ፌስታል ነበር የሚጨብጠው። ስንት ሰዓት? ወደ ቤት መጥታ ለማን ትነግር ነበር? ለሚዜ ቀሚስ?

«አልሰጥም» አለች። «የፈረምኩት በእህቴ ተናድጄ ነው። የእህትማማች ጠብ ነው፤ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም። በንዴት የተቆረጠ ጨርቅ ልብስ አይወጣውም፣ ጌታው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«አሞኝ።»

«ምንዎን?»

ጉልበቱም ጆሮውም እጁም ተይዟል። ልብስ ሰፊዋም ውሸት አልመጣላትም። «ደረቴን» አለች። «ያቃጥለኛል። ከጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ።»

ጻፈ። ከዚያ በእስክርቢቶው ጫፍ ወጣቷን አመለከተ። «እሷስ?»

«ከእኔ ጋር ናት።»

«ምንዎ ናት?»

«አጠገቤ የተቀመጠች ናት። የሚጠየቅ ካለ እኔን ጠይቅ፤ ታላቅ እያለ ልጅ አይጠየቅም።»

ሰውየው ሊመልስ ነበር፤ መምህርቷ ጆሮዋን ይዛ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለች ጎረቤቷን ትጠይቃለች፤ እማማ ጉልበቴም እግራቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘግተውታል። «እናያለን» አለና በእግራቸው ላይ ተራምዶ ወጣ። ወጣቷ የልብስ ሰፊዋን እጅጌ ይዛ ነበር፤ ነርሷ በቀስታ ስትጠራት ነው የለቀቀችው።

ተራው ልብስ ሰፊዋ ጋ እስኪደርስ አንድ ሰዓት አለፈ። መዝገብ ላይ ስለገባች መታየት አለባት አሉ። ክፍሉ ውስጥ ነርሷ ክንዷ ላይ የግፊት መለኪያውን ጠቀለለችላት። ሁለቱ እህትማማቾች እንዲህ ተቀራርበው ከተቀመጡ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አደራ ብላኛለች፣ እትዬ።»

«ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«ፔዳል እየረገጥሽ። አልረሳሁም።» ነርሷ አየሩን እየለቀቀች ቁጥሩን አየች። «በዚህ ክፍል የሰማሁትን ለአንቺ ባወራ፣ አሁን ከዚህ የወጣችው ልጅ ነገ ለማን ትናገራለች?»

«እኔ ሌላ ሰው ነኝ?»

«ከዚህ በር ወዲህ ሁሉም ሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጽንስ ስላቋረጠችው የጎረቤት ልጅ ያልሽውን ታስታውሺያለሽ? ‹እንዲህ ያለችዋ የእኔን ደጅ አትረግጥም› ያልሽውን? ልጅሽ ሳህን እያነሳች ነበር።»

«አፌ ነው እንጂ…»

«አፍሽ ይሁን ልብሽ እሷ በምን ትወቅ? ከእኔ ጋር የምትስቀው እኮ ብቆጣት ብዙ ስለማይጎዳት ነው። የፈራችው አንቺን ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ለመጽናኛ ብላ እንዳለችው ገባት፤ አላጽናናትም። የሚፈራ መሆንን ማን ይመኛል? ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀቱን ሰጠቻት። ነርሷ አነበበችው፤ ፊርማውንም አየች፤ ምንም ሳትል አጣጥፋ ያገለገለ መርፌ በሚጣልበት ካርቶን ውስጥ ከተተችው። ክንዷን ስታነሳ የጋውኗ ብብት ተተርትሮ በሌላ ቀለም ክር እንደነገሩ የተሰፋ መሆኑ ታየ። እጇም በውሃና በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቋል።

«ይሄንንስ ለምን አላመጣሽልኝም?»

«ሥራ ይበዛብሻል ብዬ ነዋ።»

«ይሄ ስፌት ነው? ይሄ ጠባሳ ነው።»

ነርሷ ፈገግ አለች፤ በዚያ ቀን የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር። «ግፊትሽ ከፍ ብሏል። አግዳሚውን ከሞሉት ሁሉ የታመምሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ጨው ቀንሺ፣ ሐሙስ መጥተሽ ተለኪ።»

«ለመለካት ወይስ ለመቀመጥ?»

«ለሁለቱም» አለችና የሚቀጥለውን ስም ጠራች።

ቤቷ ስትደርስ ልጅቷ ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ገና እንደገረጣ ነው። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ሰቀለች፤ ውሃ ጣደች፤ ጨርቅ አጣጠፈች፤ የታጠፈውን ዘርግታ እንደገና አጠፈች። ልጅቷ በዓይኗ ትከተላታለች። 

«ያን ዕለት ሰማያዊውን ሹራብ ነበር የለበስሽው አሉ» አለች እናት በመጨረሻ፣ ወደ ምድጃው እንደዞረች።

ልጅቷ ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?»

«አግዳሚው በሙሉ።»

«ተቆጣሽ፣ እማ?»

ልብስ ሰፊዋ ዞረች። ይህን ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ስታስብበት ነበር የመጣችው፤ አልተቆጣሁም ብትል ውሸት፣ ተቆጣሁ ብትል በር መዝጋት ነው። «ቀናሁ» አለች። «ሰው ሁሉ አንቺን ሲይዝ እኔ ጫፍ እለቅም ነበር። አሁን ንገሪኝ።»

«ሰምተሽ የለም እንዴ?»

«ከሰው ነው የሰማሁት።»

አልጋው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ መጀመሪያ በጣቶቿ የብርድ ልብሱን ጫፍ እየፈተለች፣ ኋላም ፊቷን ቀና አድርጋ ነገረቻት። ስለ ጠዋቱ፣ ስለ መንገዱ፣ እግሯ ሦስት ጊዜ ደጃፉ ላይ ደርሶ ስለ መመለሱ። ስለ ሐኪሙ ዝግ ያለ ድምፅ፣ አክስቷ አንዴም «ለምን» ስላለማለቷ። ስለ እማማ ጉልበቴ ጣት፣ በጭንቅላታቸው ስለቆሙት ሰዎች። ይህን ስትናገር እናትየዋ እንደ አዲስ ሳቀች፤ ልጅቷም አብራት ሳቀች። ከዚያ ወጣሁ አለች፤ ዳቦ ሻጯ እስከ ጥጉ ሸኘችኝ፤ ዳቦም ሰጠችኝ አለች። እዚያ ላይ ቆም አለች።

እናት ጠበቀች። ጥጉ ላይ ምን ብላ እንደጠየቀች ታውቃለች፤ ከልጇ አፍ እንዲወጣ ፈለገች፤ «አይደለሽም» የሚለው መልስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ልጅቷ ግን ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ፣ «ከዚያ ወደ ቤት መጣሁ» አለች።

«እሺ» አለች ልብስ ሰፊዋ። እንደገና ቀናች። ግን አልጠየቀችም፤ ያቺን ጥያቄ ለዳቦ ሻጯ ተወችላት።